«ቤት ነው የወደቅኩት» በል ተባልኩ፣ አልኩ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከመደርደሪያ እያወረድኩ የማዘጋጀት ሥራ ስሠራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከአምስት ሳምንት በፊት መሰላል ላይ ቆሜ ካርቶን ሳወርድ መሰላሉ ተንሸራተተና ወደቅኩ፤ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። የመሰላሉ የአንድ እግር ጎማ ከወለቀ ቆይቷል፣ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም በዚያን ዕለት የደህንነት ጫማ አላደረግኩም ነበር፤ የተሰጠኝ ሶሉ ስለተገነጠለ በራሴ ስኒከር ነው የገባሁት። አለቃዬ ራሱ በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰኝ። መንገድ ላይ ‹ሥራ ቦታ ካልክ ጣጣው ብዙ ነው፤ ቤት ነው የወደቅኩት በል፣ እኛ አንጥልህም› አለኝ። እንዳለኝ አልኩ። ጀሶ ታሰረልኝ። በሳምንቱ ትንሽ ገንዘብ በፖስታ ሰጠኝና ‹አደጋው የደረሰው በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፣ ከድርጅቱ የምጠይቀው ሌላ ነገር የለም› የሚል ወረቀት አስፈረመኝ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ የለም። ስጠይቀው ‹አንተ እኮ ቋሚ አይደለህም፣ በኮንትራት ነህ› አለኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ምንም መብት የለኝም? ገንዘቡንስ ልመልስ?»

ወንድሜ፣

በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» ብልህ ቅር አይልህም ብዬ ነው። በቅድሚያ እግዜር ይማርህ።

የትኛው አገር እንደምትሠራ አልነገርከኝም። የካሳ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ አሜሪካ ውስጥማ ከግዛት ግዛትም ይለያያል። ስለዚህ የትም ብትሆን ብዙም የማይለወጠውን ነው የምነግርህ። የቀን ገደቡንና የክፍያውን መጠን ባለህበት አገር የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር ወይም ጠበቃ ጠይቀህ ትሞላዋለህ።

ደብዳቤህ ውስጥ ከስብራቱ ይልቅ እኔን ያመመኝ «ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቃለሁ» ያልከው ነው። አለቃህም ያንኑ ቃል ነው በወረቀት ያስፈረመህ። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ሕጉ በማይጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈል ካሳ ዋና ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ጉዳቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው ወይ?» የሚል ነው። አንተ ደግሞ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ የታዘዝከውን ካርቶን ስታወርድ ነው የወደቅከው። ከዚህ የበለጠ የተያያዘ ከየት ይመጣል?

እንዲህ የሆነው ሕግ አውጪዎች ስለራሩ ብቻ አይደለም። (ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ወይም አሜሪካ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት ፍርድ ቤት ሄዶ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት። አሠሪው ደግሞ ሦስት ጋሻ ነበረው። ሠራተኛው ራሱ ጥቂት እንኳ አጥፍቶ ከሆነ ምንም አያገኝም። ጉዳቱን ያደረሰው የሥራ ባልደረባው ከሆነ «እሱን ክሰስ፣ እኔን ተወኝ» ይባላል፤ ይህኛው መከላከያ መነሻው በ1837 አንድ የእንግሊዝ ሥጋ ነጋዴ ተቀጣሪ ከመጠን በላይ ከተጫነ ጋሪ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ያቀረበው ክስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ሥራው አደገኛ መሆኑን እያወቅክ ነው የገባኸው» የሚል ነበር። አንተ በዚያን ጊዜ ብትወድቅ ኖሮ በሦስቱም ትመታ ነበር፦ ስኒከርህ አንድ፣ ጎማውን ያልቀየረው ባልደረባህ ሁለት፣ መሰላሉን እያወቅክ መውጣትህ ሦስት።

ጀርመን በ1884 በመንግሥቷ መሪ በቢስማርክ ዘመን ይህን ትታ አሠሪዎች መዋጮ የሚከፍሉበት የአደጋ መድን አቋቋመች። እንግሊዝ በ1897 ተከተለች። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በጭቅጭቅ ነው የመጣው። የኒው ዮርክ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግዛቲቱ ያወጣችውን የካሳ ሕግ መጋቢት 24 ቀን 1911 «ያላጠፋን አሠሪ ማስከፈል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ ሻረው። በማግስቱ እዚያው ኒው ዮርክ ከተማ የትራያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ይህን ያህል የተቀራረቡ ሁለት ቀናት በሕግ ታሪክ ውስጥ ብዙ የሉም። ግዛቲቱ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ በ1914 ሕጉን ሥራ ላይ አዋለችው። ከአሜሪካ ግዛቶች የመጨረሻዋ ሚሲሲፒ እንዲህ ያለ ሕግ እስክታወጣ ድረስ ግን 1948 ደርሷል።

ከዚያ ሁሉ የወጣው ስምምነት እስካሁን የሚሠራው ነው። ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ ሕክምናውንና የደመወዙን ከፊል ያገኛል። በምላሹ በአብዛኛው አሠሪውን «ስለ ሥቃዬ፣ ስለ ሐዘኔ ክፈለኝ» ብሎ አይከስም። አንዳንድ አገር ይህ በር በከፊል ክፍት ነው፤ መሰላሉን የሠራው ወይም ያከራየው ሌላ ድርጅት ከሆነም እሱን ለብቻው መጠየቅ ይቻል ይሆናል፤ ለጠበቃ የሚተው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጫማው። ጥፋት አይጠየቅም ስልህ ፈጽሞ አይጠየቅም ማለቴ አይደለም። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ፣ ሰክሮ ሥራ የገባ፣ በግል ጠብ የተደባደበ ሰው በአብዛኛው ሕግ ካሳ አያገኝም። የደህንነት መመሪያ መጣስን በተመለከተ ግን ሕጎቹ ይለያያሉ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ሆን ብሎ እንዳደረሰው ሊቆጠርበት ይችላል። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ክፍያውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ጫማው ቀልድ አይደለም። ነገር ግን የተሰጠህ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ነበር። ሌላ እንዲሰጡህ ጠይቀህ ታውቃለህ? በቴሌግራም ይሁን በቃል፣ ለማን? በስኒከር ስትገባ አለቃህ አይቶ ዝም ብሏል? እያየ ያሠራ ሰው ኋላ መመሪያውን ይዞ ቢመጣ ክርክሩ ይሳሳበታል። ደግሞስ መሰላሉን ያንሸራተተው ስኒከርህ ነው ወይስ የጎደለው ጎማ?

«በኮንትራት ነህ» ያለህ ነገር በኛ አነጋገር ሁለት ፍቺ ስላለው ሰው ያምታታል። ጊዜው በተወሰነ ውል የተቀጠረ ሠራተኛም «የኮንትራት» ይባላል፤ እሱ ግን ያው ሠራተኛ ነው፣ ቋሚ ባለመሆኑ ብቻ ካሳ አይቀርበትም። ሌላው ፍቺ በራሱ ስም ሥራ ተረክቦ፣ በራሱ መሣሪያና በራሱ ሰዓት ሠርቶ የሚያስረክብ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ይህኛው በአብዛኛው ከሕጉ ውጭ ነው። አንተ የትኛው እንደሆንክ የሚወስነው የውሉ ርዕስ ሳይሆን የሥራው እውነታ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓትህን ማን ይወስናል? መሰላሉ የማነው? አልገባም ብትል ሌላ ሰው በራስህ ፈንታ መላክ ትችላለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው መጋዘን፣ በሌላ ሰው መሰላል፣ በአለቃ ትእዛዝ የሠራ ሰው ተቋራጭ ነው ብሎ ማስረዳት ለአለቃህም ይከብደዋል። በኤጀንሲ በኩል ገብተህ ከሆነ ደግሞ ካሳውን የሚከፍለው ኤጀንሲው ሊሆን ይችላልና ውልህ ላይ የማን ማኅተም እንዳለ ተመልከት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሐኪም ቤቱ ካርድ ነው።

እኔ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት በአንድ የመድን ድርጅት የጉዳት ካሳ ክፍል ለዓመታት ፋይል ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። ፋይል ሲመጣ መጀመሪያ የምንከፍተው የማመልከቻውን ደብዳቤ አልነበረም። የመጀመሪያ ቀን የሕክምና ካርዱን ነበር። ሐኪሙ ወይም ነርሷ «ምን ሆነህ ነው?» ብለው የጻፏት አንዲት መስመር ከኋላ ከሚመጣው ሃያ ገጽ ሁሉ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ሰውየው ስለ ካሳ ማሰብ ሳይጀምር የተናገረው ነው ተብሎ ይታመናል። አንተ «ቤት ነው የወደቅኩት» ስትል አለቃህን ከጣጣ አዳንከው፣ የራስህን ማስረጃ ግን በገዛ አፍህ አጠፋኸው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ለስላሳ አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ግን አልሞተም። አንድ ፋይል አስታውሳለሁ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው «መኖሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ» ነው። ውድቅ ሊደረግ ጫፍ ደርሶ ነበር። አንዲት ባልደረባችን የካርዱን ጠርዝ አየች፦ የመጣበት ሰዓት ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40። ከዚያ የድርጅቱን የመግቢያ ሰዓት መዝገብ ጠየቀች፤ ሰውየው በዚያው ዕለት 2 ሰዓት ላይ ፈርሞ ገብቷል፣ የመውጫ ፊርማ የለም። ሥራ ገብቶ ሳይወጣ ቤቱ ደረጃ ላይ እንዴት ይወድቃል? ካርዱ ላይ «አምጪ» በሚለው ቦታ የተጻፈው ስልክ ደግሞ የፎርማኑ ሆኖ ተገኘ። ተከፈለው።

ያንተም ማስረጃ እዚያው ካርድ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ ወደዚያው ሐኪም ተመለስና እውነቱን ንገረው፦ የወደቅኩት ሥራ ቦታ ነው፣ ቤት ያልኩት እንዲህ በል ስለተባልኩ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዲሰርዝልህ አትለምነው፣ ሊያደርገውም አይገባም። የዛሬውን ቀን ጽፎ ተጨማሪ ማስታወሻ እንዲያኖር ብቻ ጠይቀው። የተሰረዘ ካርድ ጥርጣሬ ያመጣል፤ የታረመ ካርድ ግን ታሪኩን ይናገራል። የሕክምናውን ወጪ የሸፈነልህ የግል የጤና መድን ከሆነ ለነሱም አሳውቅ። ብዙዎቹ የሥራ ላይ ጉዳት አይሸፍኑም፤ ኋላ ደርሰውበት ገንዘቡን ሲጠይቁህ ሁለተኛ ጣጣ ይሆንብሃል።

በዚያው ቀን ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቅ። የማሳወቂያ ቀን ገደብ በየአገሩ አለ፤ ለምሳሌ በኒው ዮርክም በካሊፎርኒያም ለአሠሪ ለማሳወቅ 30 ቀን ነው፣ አንተ ደግሞ አምስት ሳምንት አልፎሃል። አትደንግጥ። በእነዚህ ቦታዎችም ሆነ በሌሎች ብዙ ሕጎች አሠሪው አደጋውን በራሱ አውቆት ከነበረ የማስታወቂያው መዘግየት ብቻውን መብት አያጠፋም፤ አንተን በመኪናው የወሰደ አለቃ ደግሞ አላወቅኩም ሊል አይችልም። ማሳወቅና ለካሳ ቦርድ (የካሳ ጥያቄዎችን ለሚወስነው የመንግሥት አካል) ወይም ለመድን ሰጪው ማመልከት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማመልከቻው ገደብ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፤ እሱ ካለፈ የሚያድንህ ጥቂት ነው።

የምትጽፈው ረጅም አይሁን። እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «በዚህ ቀን ከጠዋቱ በዚህ ሰዓት በመጋዘኑ ውስጥ በሥራ ላይ ሳለሁ የቆምኩበት መሰላል ተንሸራቶ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሯል። የመሰላሉ አንድ እግር ጎማ አልነበረውም። በዕለቱ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ሆኖ እንዲመዘገብልኝና ለመድን ሰጪው እንዲተላለፍልኝ እጠይቃለሁ።» ስለ ጫማው እዚህ ላይ አትጻፍ፤ ክርክር ገና አልተከፈተም። ሲጠይቁህ ግን አትዋሽ፣ አንድ ውሸት በቂ ነው። አለቃህን አትስደብ። ኢሜይል ወይም የተላከበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ተጠቀም፤ በእጅህ ከሰጠህ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለህ አስፈርም።

ምን ታገኛለህ? ሕክምናው መጀመሪያ ይመጣል፦ ራጁ፣ ጀሶው፣ መድኃኒቱ፣ ኋላ ጣቶችህ እንዲፍታቱ የምታደርገው ፊዚዮቴራፒ፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም እሱ። በብዙ ቦታ ወደ ሐኪም የምትመላለስበት ትራንስፖርት ሳይቀር ይታሰባል፤ ስለዚህ ደረሰኝ አትጣል። የትኛው ሐኪም ጋ መሄድ እንዳለብህ አንዳንድ አገር አሠሪው ወይም መድን ሰጪው ይመርጣል፣ አስቀድመህ ጠይቅ።

ቀጥሎ ከሥራ ለቀረህበት ጊዜ የደመወዝ ምትክ ነው። የትም ብሆን ሁልጊዜ ሙሉ ደመወዝ ይከፈለኛል ብለህ አትጠብቅ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ጣሪያ ተደርጎበት ከአማካይ የሳምንት ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም እስከ ሰባት ቀናት አይከፈሉም፣ ሕመሙ ከረዘመ ግን ወደኋላ ተመልሰው ይታሰባሉ። በኢትዮጵያው አዋጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ አሠሪው ይከፍላል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1964 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 121 ትዳርና ሁለት ልጆች ላሉት ሠራተኛ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 60 በመቶ ነው። ሒሳቡ በምን ደመወዝ ላይ እንደሚሠራ ተከታተል። የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው ሳይደመር ቀርቶ በየወሩ የሚጎድልባቸውን ሰዎች ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንጓ ተንኮለኛ ቦታ ነው። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሞ እጅህ ግን እንደ ድሮው ላይዞር ይችላል። ለዚህ ሦስተኛ ዓይነት ክፍያ አለ፦ ቋሚ የአካል ጉዳት። ሕክምናው ካበቃና ከዚህ በኋላ አይሻሻልም ከተባለ በኋላ ሐኪም ወይም የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል፣ ካሳው በዚያ ልክ ይሰላል። ጠርሙስ መክፈት ያቃተህ፣ ካርቶን ስታነሳ የሚወጋህ፣ ሌሊት የሚያደነዝዝህ ነገር ካለ ለቦርዱ ሳታፍር ንገር። ወንዶች እዚያ ክፍል ሲገቡ «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ። «ደህና ነኝ» ካልክ በዜሮ በመቶ ትወጣለህ።

ሐኪሙ ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለህ ካለና ድርጅቱ በግራ እጅ የሚሠራ ነገር፣ ለምሳሌ የዕቃ ቆጠራ ካቀረበልህ፣ ዝም ብለህ እምቢ አትበል፤ ክፍያህ ሊቋረጥ ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደው በላይ ካሠሩህ ግን የሐኪሙን ወረቀት አሳያቸው።

ስለፈረምከው ወረቀት። ሁለት ነገር ነው የያዘው። «በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» የሚለው፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩህ፣ በዚህ ሕግ ፊት ክብደቱ ትንሽ ነው። «ሌላ የምጠይቀው የለም» የሚለው ነው የሚያስፈራህ። በብዙ አገር ሠራተኛ የጉዳት ካሳ መብቱን አስቀድሞ በፊርማ መተው አይችልም፤ ስምምነት የሚጸናው በካሳ ቦርድ ወይም በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው። ጀሶ ላይ ያለ ሰው የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ የፈረመው ደግሞ ይበልጥ ደካማ ነው። ቢሆንም ራስህ ፈራጅ አትሁን። የወረቀቱን ቅጂ ጠይቅና ለጠበቃ አሳየው። ብዙ ቦታ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ጠበቃ የሚከፈለው ካሳው ሲገኝ ከዚያው ላይ ነው፣ የመጀመሪያውም ምክር ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሳታነብና ቅጂ ሳትይዝ ምንም አትፈርም።

ያባርሩኛል ብለህ እንደምትፈራ አልጻፍክም፣ ግን ፍርሃቱ በየመስመሩ ይታየኛል። ካሳ ስለጠየቀ ሠራተኛን ማባረር በብዙ አገር የተከለከለ ነው፤ መከልከሉ አያደርጉትም ማለት ባይሆንም ካደረጉት ራሱን የቻለ ክስ ይሆናል። የምትሠራበት አገር ዜጋ ካልሆንክም አትሸማቀቅ። ስምምነቱን ከተቀበሉ አገሮች የመጣ ሠራተኛ በአደጋ ካሳ ረገድ ከአገሬው ሰው እኩል እንዲታይ የሚያስገድደው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 19 ከ1925 ጀምሮ አለ፣ ብዙ አገሮችም ተቀብለውታል።

ገንዘቡን አትመልስ። አትካደውም። ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንደሰጠህ ጻፈው፣ ፖስታው ካለም አስቀምጠው። ኋላ ከሚከፈልህ ላይ ይታሰብ ይሆናል፣ ይታሰብ። ጉዳዩ ሥራውን አይመለከትም የሚል ድርጅት ገንዘብ በፖስታ የሚሰጠው ለምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ሰውም አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ አንድ የምታምነው ባልደረባህ ጋ ደውልና መሰላሉን በስልኩ ፎቶ ያንሳልህ። ጎማ ተገዝቶለት ከሆነም ያንሳው። ከሦስት ያረጁ ጎማዎች ጎን አንድ አዲስ ጎማ በፎቶ ላይ በደንብ ይለያል።